ዊንጌት ስለሚባለው የእንግሊዞች ስም አመጣጥ፤ ወደ ቡሬም ስለ መድረሱ

በኦሪት ሕግ የኢዮቤልዩ ዓመት በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ታዝዞ ነበር። ወደ ወገኑ የሚመለስ ሰውም አስቀድሞ ወገኑን በስም ማወቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የደብራችን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ አዘጋጆች ስለ ስም ነገር አንድ ጽሑፍ እንድሰጥ በጠየቁኝ ጊዜ ነገሩ ከበዓሉ ጋር የተስማማ ሆኖ ስለ ታየኝ በደስታ እሺ አልሁ። ዳሩ ግን ሽማግሌዎቻችን ጽሑፉን ገልጠው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ስም የሚናገር ሆኖ ሲያገኙት እንዳይደነቁ ምክንያቱን በፊት ልናገር ይገባኛል።

የአባቴ አባት በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር በቡሬ ዙሪያ በተደረገው ውጊያ ከወደቁት አርበኞች አንዱ ነው። የወደቁት ሰዎች በጸሎት ይታሰቡ ዘንድ ስማቸው በአንድ የብራና ቅጠል ላይ ተጽፎ በዕቃ ቤት ይገኛል። የተጻፈው ግን የክርስትና ስማቸው ብቻ ነው፤ ጸሎት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነውና ጸሐፊው አላጠፋም። የአያቴ የክርስትና ስም በዚያ ቅጠል ላይ አምስት ጊዜ ተጽፏል። ከአምስቱ የትኛው እርሱ እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ አላገኘሁም፤ ያውቁ የነበሩት ሁሉ አርፈዋል።

በዚያው ሰሞን ስለ ቡሬ ውጊያ የተጻፉትን መጻሕፍት ስመለከት፤ ጦሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊ ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት የሚባል እንደ ሆነ፤ አባቱ ኮሎኔል ጆርጅ ዊንጌት፤ አያቱም በሃንጋሪ አገር ለአይሁድ ይሰብክ የነበረ ዊልያም ዊንጌት የሚሉት የስኮትላንድ ሰባኪ እንደ ሆነ አነበብሁ። የገዛ አያቴን ከአምስት ስሞች መለየት አቅቶኝ ሳለ የባዕዱን ሰው አያት ከነሥራው ከነአገሩ ማወቄ አስገረመኝ፤ እውነቱን ለመናገር ጥቂትም አስቈጣኝ። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው ብዬ ብመረምር፤ ነገሩ ሁሉ ተንጠልጥሎ ያለው ከስሙ መጨረሻ ባለችው በአንዲቱ ቃል፤ «ዊንጌት» በምትለው ላይ ሆኖ አገኘሁት።

በቅኔ ቤት ሳለን ያልታወቀ ቃል በገጠመን ጊዜ ሁሉ መምህራችን ግሱን እንድንፈልግ ያዙን ነበር። እኔም የዚህን ስም ግስ ፈለግሁ። ዊንጌት ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው። ፊተኛው «ዊንድ» ነፋስ ማለት ነው፤ ኋለኛው «ጌት» በር ማለት ነው። ሁለቱም በጥንታዊው የእንግሊዝ ቋንቋ የነበሩ ቃላት ናቸው። ሲጋጠሙም በሁለት ኮረብታ መካከል ያለ፤ ነፋስ የሚበረታበት ጠባብ መተላለፊያ ይሆናሉ። በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች በእንግሊዝ አገር ሰሜን ይገኛሉ፤ አንዱ በደርሃም አውራጃ፤ ሌላው በኖርዘምበርላንድ፤ ሦስተኛው በላንካሽር ነው። የደርሃሙ ዊንጌት ኋላ የድንጋይ ከሰል የሚቈፈርበት መንደር ሆኖ ነበር። በእንግሊዝ ሰሜን «ጌት» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ጎዳና ማለት ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ያመጡት ሌላ ቃል ነው። በዚህ ስም ውስጥ ያለው ግን ጎዳናው አይደለም፤ በሩ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የመጣልኝ አገር የእንግሊዝ አገር አልነበረም። በጋይንት ያለችውን ነፋስ መውጫን አሰብሁ። ከዚያ ደጋ ላይ ቆሞ ጋቢውን በሁለት እጁ ያልያዘ ሰው የዊንጌትን ትርጓሜ አውቃለሁ ሊል አይችልም። የነፋስ መውጫ ሰው በዚያ በጥንቱ ዘመን ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ቢሰፍር ኖሮ ጎረቤቶቹ ልጆቹን ዊንጌት ብለው ይጠሩለት ነበር ማለት ነው። በእንግሊዞች ቋንቋ «ዊን» የሚል ድል ማድረግን የሚያመለክት ቃል ስላለ አንዳንድ ሰው ስሙን «የድል በር» ብሎ ሊተረጕመው ይወዳል። ቅኔ ለሚወድ ሰው ሰሙን ነፋስ ወርቁን ድል ማድረግ ያምራል፤ ታሪኩ ግን ነፋስ ብቻ ነው።

«ኦርድ» የሚለው ፊተኛው ስሙ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የቅኔ መንገድ ያለው ነው። ይህ በመሠረቱ የግል ስም አይደለም፤ የእናቱ ወገኖች ኦርድ ብራውን ይባሉ ነበርና ከእነርሱ የተወሰደ የቤተ ሰብ ስም ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦርድ» ሹል ጫፍ፤ ይልቁንም የጦር ጫፍ ማለት ነው። እንግዲህ ወደ ቡሬ የመጣው ሰው በስሙ «የጦር ጫፍ፤ የነፋስ በር» ነበረ። እናቱና አባቱ ይህን አስበው እንዳላወጡለት የታወቀ ነው።

እንግሊዞች ይህን ዓይነት ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ ስም ከጥንት ጀምሮ የነበራቸው አይደሉም። በፊት እንደኛው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማንዲ ሰዎች አገሩን ድል አድርገው ከያዙት ወዲህ መኳንንቱ በርስታቸው ስም መጠራት ጀመሩ፤ ርስቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ተላለፈ። ከዚያ ወዲያ ግብር ጸሐፊውና ዳኛው አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ዮሐንስ መለየት ስላስፈለጋቸው ልማዱ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ እስከ 1400 እ.ኤ.አ. ገደማም አብዛኛው እንግሊዛዊ የቤተ ሰብ ስም ያለው ሆነ። ስሙም የሚወጣው ወይም ከሰፈር፤ ወይም ከአባት፤ ወይም ከሥራ፤ ወይም ከቅጽል ነው።

ይህንም ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ ጎጃም የመጡት እንግሊዞች ይበቁናል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የገባው ዳንኤል ሳንድፎርድ ስሙ የሰፈር ነው፤ አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው፤ የጣናንና የዓባይን ዳርቻ እየዞረ ካርታ ያነሣው ሮበርት ቺዝማን ስሙ የሥራ ነው። አይብ ሠሪ ወይም አይብ ሻጭ ማለት ነው። የዳንግላ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ በቅኔም በቀልድም አይለቁትም ነበር ብዬ አስባለሁ። በካርቱም ተቀምጦ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ጆርጅ ስቲር ደግሞ ስሙ የቅጽል ነው፤ ወይፈን ማለት ነው። እኛም ቡሬ ስንል የከብት መልክ ስለምንጠራ በዚህ አንተማማም።

ዳሩ ግን ስም መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚጽፈው ያስፈልጋል። በ1538 እ.ኤ.አ. የንጉሡ የሄንሪ 8ኛ አማካሪ ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር የተጠመቀውን፤ ያገባውንና የተቀበረውን ሰው ሁሉ በመዝገብ እንዲጽፍ ትእዛዝ አወጣ። ካህናቱና ሕዝቡ አዲስ ግብር ሊመጣብን ነው ብለው ፈርተው ነበር ይባላል። ቢሆንም ብዙዎቹ መዛግብት እስከ ዛሬ ቆይተዋል። የእንግሊዝ ሰው ዛሬ የአያቱን አያት የሚያገኘው ከንጉሥ ቤት አይደለም፤ ከደብር ዕቃ ቤት ነው።

እኛ ግን የቤተ ሰብ ስም ሳይኖረን የኖርነው ስላላወቅን ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። ሰው የአባቱን አባት ብቻ ሳይሆን የእናቱን እናት አባት እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ደርሶ በሽማግሌ ፊት ካላስረዳ ርስት አይካፈልም። ለጋብቻም ሰባት ቤት መቁጠር ግዴታ ነው። እንግዲህ በአባት መስመር ብቻ የሚወርድ አንድ ስም ለጎጃም ባለርስት ከስምንት በር ሰባቱን መዝጋት ነበረ። የእኛ የቤተ ሰብ ስም በአፍ የሚቆጠረው ሐረግ ነበረ፤ ቆጣሪዎቹም ርስት ፈላጊዎች ነበሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የርስት ክርክር ቀረ፤ ከርስት ክርክር ጋርም የመቁጠር ትጋት እየቀዘቀዘ ሄደ። እኔ በልጅነቴ አባቴ በእናቱ በኩል አሥር ትውልድ ሲቆጥር ሰምቻለሁ፤ ልጆቼ ግን ከአራት አያልፉም። ጥፋቱም የእኔ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም፤ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ተጻፈ እንጂ የቤተ ሰብ ስም ልማድ አልሆነም። ችግሩ የሚታየው ወደ ባዕድ አገር በተሄደ ጊዜ ነው። የወንድሜ ልጅ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ጊዜ በወረቀቱ ላይ የቤተ ሰብ ስም ብሎ የአያቱን ስም ጻፈ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድሜ ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ በእርሱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ደግሞ የእርሱ አያት ስም ነበር። በመግቢያው በር ያለው ሹም ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቶ ወንድሜን «ይህ ልጅህ ከሆነ ስለ ምን በአንድ ስም አትጠሩም?» ብሎ ለብዙ ሰዓት አቆመው። ወንድሜ በዚያ በኩል እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ሹሙም በዚህ በኩል ሰባት ቤት መቁጠር አያውቅም።

አሁን ወደ ዊንጌት እንመለስ። ይህ ስም ወደ አገራችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው። ፊተኛው በ1889 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ ነበረ። የእንግሊዝ መንግሥት ሬኔል ሮድን ወደ ዐፄ ምኒልክ መልእክተኛ አድርጎ በላከ ጊዜ ሬጅናልድ ዊንጌት አብሮት መጣ። በሱዳን የመሐዲን ነገር የሚከታተል የስለላ ሹም ነበርና የመጣው የኢትዮጵያንና የደርቡሽን ነገር ለማወቅ ነው። ይህ ሰው ኋላ ከ1899 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ፤ ለኦርድ ዊንጌት አባትም የአጎት ልጅ ነበረ። ወጣቱ ኦርድም በዚህ ዘመዱ ምክር አረብኛ ተምሮ በሱዳን ጦር ገባ፤ ከ1928 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. በወሰናችን አጠገብ አገለገለ። እነሆ፤ አንድ የቤተ ሰብ ስም ለሰው በር ሲከፍት እንዲህ ነው፤ የጎጃም ልጅ በአጎቱ ስም የሚከፈትለት ቢሮ አልነበረውም።

ሁለተኛው አገባቡ በ1933 ዓ.ም. ነው። ጥር 12 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ ወሰን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ካቆሙ በኋላ ዊንጌት ጥቂት ጦር ይዞ በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ወጣ። ጦሩ አንድ የሱዳን ሻለቃና በኬንያ በስደት ላይ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመ አንድ ሻለቃ ነበረ፤ ከእነርሱም ጋር ጥቂት የእንግሊዝ መኰንኖች ነበሩ። ጭነታቸውን ያመጡት እጅግ ብዙ ግመሎች በጎጃም ብርድና በማያውቁት ሣር ከጥቂቶቹ በቀር በየመንገዱ አለቁ። ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ በሚያነብ ቤት ያደገ ስለ ሆነ ለዚህ ጦር «የጌዴዎን ጦር» የሚል ስም አወጣለት። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተነገረው ጌዴዎን ከ32 ሺህ ሰው 300 ብቻ አስቀርቶ በሌሊት ምድያምን ያስደነገጠ ነው። ስም አወጣጡ ከንቱ አልነበረም፤ የውጊያውም ሥርዓት ይኸው ነበረ።

ሲደርስ ግን ባዶ አገር አላገኘም። የጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ግመልና ያለ መድፍ ጠላትን በየምሽጉ ዘግተውት ነበር። በዚህ በእኛ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ፤ በቢቸና በኩል ደግሞ አባ ኮስትር የተባለው በላይ ዘለቀ ነበረ። መንገሻና ነጋሽ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው ሳለ በመስከረም 1933 ዓ.ም. በሳንድፎርድ ሽምግልና ታረቁ። እኔ ይህን ባነበብሁ ቍጥር ፈገግ እላለሁ፤ መንገሻም ነጋሽም የወጡት «ነግሠ» ከሚለው ከአንድ ግስ ነውና፤ ባዕዱ ሰው ሳያውቅ ያስታረቀው አንዱን ግስ ከራሱ ጋር ነበረ።

የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ከወጣ በኋላ ዊንጌት የካቲት 20 ቀን ከቡሬ ፊት ደረሰ። በቡሬ ምሽጎች ኮሎኔል ናታሌ ብዙ ሺህ ወታደር፤ መድፍና ፈረሰኛ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዊንጌት በቀን እንደማይችለው ዐውቆ ጦሩን በትንሽ በትንሹ እየከፈለ በሌሊት በየአቅጣጫው ያስተኵስ ጀመር፤ ከቡሬ በስተ ምሥራቅ ያለውን የማንኩሳን ምሽግም ከበበ። አርበኞቹ መንገዱን ያዙ። ናታሌ በዙሪያው ያለው ጦር ስንት እንደ ሆነ ሊያውቅ አልቻለም፤ በሌሊት የሚሰማ ተኵስ አይቆጠርምና። ከኋላ መንገዱ እንዳይዘጋበት ፈርቶ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ በአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ የነበረው የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ይህ ሁሉ ጦር በድንገት መጣበት፤ ጥቂቶች ሆነው ከብዙዎች ጋር እጅግ ጽኑ ውጊያ ተዋጉ። ብዙ ሰውም ከሁለቱም ወገን አለቀ። ግርማዊነታቸው በመጋቢት ወደ ቡሬ መጡ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ቀን ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ በፊት በፊት ይሄድ ነበር።

በአያቴ ነገር አዝኜ ሳለሁ የዊንጌትን መጨረሻ ባነበብሁ ጊዜ ቍጣዬ በረደ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በህንድ አገር አውሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተላትሞ ከነበሩት ሰዎች ጋር ሁሉ ሞተ። አስከሬናቸው ሊለይ ስላልተቻለ አጥንታቸው በአንድነት ተሰበሰበ፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ አሜሪካኖች ስለ ነበሩ በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአርሊንግተን መቃብር በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ፤ በአንድ ድንጋይም ላይ ስማቸው ሁሉ ተጻፈ። እንግዲህ ያ ሁሉ መዝገብና የቤተ ሰብ ስም ያለው ሰው በመጨረሻው ቀን አጥንቱ የማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ስሙ ግን በድንጋዩ ላይ ሙሉ ነው። ከሞተ በኋላ የተወለደለት ወንድ ልጅም ኦርድ ዮናታን ዊንጌት ተባለ፤ የአባቱን የግልና የቤተ ሰብ ስም ባንድነት ወሰደ። እኛ እንዲህ ላለው ልጅ ምትኩ፤ ካሳ፤ ተካ ወይም ማስረሻ እንለዋለን እንጂ የሟቹን ስም ደግመን አንሰጠውም። እነርሱ ሟቹን በስም ያቆዩታል፤ እኛ ሟቹ መተካቱን በስም እንናገራለን። የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ ለእኔ ከባድ ነው።

ከዚህ በኋላ ስሙ የሠራው ሥራ ደግሞ እንግዳ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬም የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ በዚያው ስም ይጠራል። ሰፈሩም በትምህርት ቤቱ ስም ተጠራ፤ ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ ሰው ይጭናሉ። ከሰሜን እንግሊዝ ኮረብታ የተነሣ የሰፈር ስም ወደ ሰው ገባ፤ ከሰው ወደ ትምህርት ቤት፤ ከትምህርት ቤትም ወደ ሰፈር ተመለሰ። በእስራኤል አገር ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. «የሚን ኦርድ» የሚባል የልጆች መንደር ተቋቋመ። «የሚን» በዕብራይስጥ ቀኝ ማለት ነው፤ በግእዛችን «የማን» እንደምንለው። በኋላም ከጐንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል ከሄዱት ከቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ በዚያ መንደር አድገው ተምረዋል።

ለዚህ ኢዮቤልዩ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋግረን ያን የብራና ቅጠል በአዲስ መዝገብ ላይ ገለበጥነው። በእያንዳንዱ የክርስትና ስም አንጻር የዓለም ስም፤ የአባት ስም፤ የአያት ስምና የትውልድ ቀበሌ የሚጻፍበት ስፍራ ተሰመረ። ሽማግሌዎች ያስታወሱት እየተጻፈ ከግማሽ የሚበልጠው ተሞልቷል፤ የሚያውቅ ሰው ካለ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕቃ ቤቱ በር ያገኘናል። በእነዚያ በአምስቱ ተመሳሳይ ስሞች አንጻር ከሁለቱ ፊት ወገኖቻቸው መጥተው አስጽፈዋል። የቀሩት ሦስቱ ስፍራዎች ባዶ ናቸው፤ የአያቴን የዓለም ስም በሦስቱም አንጻር በእርሳስ ጽፌዋለሁ።